ጊምቢቹ መዋልና ጆሃንስበርግ መዋል

ጊምቢቹ በሐዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ከተማ ናት። ከጊምቢቹና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች፣ ከሆሳዕና፣ ከከምባታ መንደሮችም ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ጉዞው እየበዛ የመጣው ከ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ወዲህ ነው። ዛሬ ወንድም፣ አጎት ወይም ልጅ እዚያ የሌለውን ቤተሰብ ለማግኘት የሚያስቸግርበት ሰፈር አለ።

ስለ ሄዱት ሰዎች ኑሮ ብንጠየቅ ግን የምናውቀው ትንሽ ነው። በአብዛኛው የምናየው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የተላከው ገንዘብ ነው፤ ሌላው የተላከው ፎቶግራፍ ነው። ገንዘቡ እውነት ነው። ፎቶግራፉም እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘብ የሚላከው ቢበዛ በወር አንድ ቀን ነው። ፎቶግራፍም የሚነሣው በአንድ ደቂቃ ነው። የቀረው ሃያ ዘጠኝ ቀን እንዴት ይዋላል? የት ይታደራል? ምን ይበላል? የታመመን ማን ይጠይቃል? ይህ በፎቶግራፍ አይታይም።

የራሳችንን ኑሮ ስንመለከት ደግሞ ጭቃውንና ድካሙን ብቻ እናያለን። ስለዚህ የነሱን የደስታ ደቂቃ ከኛ የድካም ቀን ጋር እናስተያያለን። ይህ ትክክለኛ ሚዛን አይደለም። ቀን መመዘን ያለበት ከቀን ጋር ነው።

እኛ ዘማቾች ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከተመለሱ ሰዎች የሰማነውንና በጽሑፍ ያገኘነውን አቀናጅተን ነው። «ሂዱ» ለማለት አይደለም። «አትሂዱ» ለማለትም አይደለም። በሬ ከመሸጡ፣ ብድር ከመወሰዱ በፊት አባወራውና እማወራዋ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው ሙሉውን ሒሳብ እንዲያወጡ ነው።

1. አገሩ የት ነው?

ደቡብ አፍሪካ በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ያለ አገር ነው። በየብስ የሚሄድ ሰው በሞያሌ አድርጎ ኬንያንና ታንዛኒያን፣ ከዚያም ማላዊን ወይም ዛምቢያን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዚምባብዌን ያቋርጣል። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ እስከ ጆሃንስበርግ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ጆሃንስበርግ የአገሩ ትልቁ ከተማ ነው። የተቆረቆረው በአካባቢው በ1878 ዓ.ም ወርቅ ከተገኘ በኋላ ነው።

በዚያ አገር እስከ 1986 ዓ.ም ድረስ ሥልጣን የነጮች ብቻ ነበር። አፓርታይድ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። አፓርታይድ ማለት ሰውን በቆዳው ቀለም ለያይቶ ማኖር ማለት ነው። ጥቁሮች ከከተማው መሀል ርቀው ለብቻቸው በተከለሉ ሰፈሮች እንዲኖሩ ይገደዱ ነበር። እነዚህ ሰፈሮች ሎኬሽን ይባላሉ። ይህን ሥርዓት ከታገሉት አንዱ ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። በ1954 ዓ.ም ወደ አገራችን መጥተው በአዲስ አበባ ኮልፌ የውትድርና ትምህርት ተምረዋል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ተይዘው 27 ዓመት ታሰሩ። በ1986 ዓ.ም ግን የአገሩ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ሕጉ ተሻረ። ሎኬሽኑና ድህነቱ ግን አልጠፋም። በ2016 ዓ.ም በዚያ አገር ሥራ መሥራት ከሚፈልጉት ሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። ይህን ልብ በሉ። የኛ ልጆች የሚነግዱት በሀብታም ሰፈር አይደለም፤ በአብዛኛው በሎኬሽን ነው። ገዢያቸው ድሃ ነው።

2. ሰዓቱና ወቅቱ

እስቲ ከሰዓቱ እንጀምር። በጊምቢቹ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ጆሃንስበርግ ገና 5 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ እነሱ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምረው አይደለም፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው። እኛ ከጧቱ 5 ሰዓት የምንለውን እነሱ 11 ይሉታል። ስለዚህ ልጃችሁ «ጧት በ8 ሰዓት ደውሉልኝ» ቢላችሁ በማን ቆጠራ እንደሆነ ጠይቁት። በነሱ የጧት 8 ሰዓት በኛ ከጧቱ 3 ሰዓት ነው።

ወቅቱም የተገላቢጦሽ ነው። በሰኔና በሐምሌ እኛ ዝናብ ሲወርድብን ጆሃንስበርግ ደረቅ ብርድ ነው። ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በታኅሣሥና በጥር እኛ አውድማ ላይ ስንሆን እዚያ ሙቀትና ዝናብ ነው። አንድ ሰው ከዚህ በሰኔ ስስ ልብስ ለብሶ ቢሄድ ብርድ ይቀበለዋል።

3. ሥራው

በጊምቢቹ ገበሬ በእርሻና በአጨዳ ወራት ከንጋት እስከ ማታ ይደክማል። በሌላው ጊዜ ሥራው ይቀንሳል። ዶፍ ሲጥል ቤት ይገባል። ለቅሶ ሲኖር ለቅሶ ይቀመጣል። ገበያ ቀን ይወጣል። አዛዡ ወቅቱና ራሱ ነው።

ችግሩ ግን ግልጽ ነው። መሬቱ ጠባብ ነው። ለአባት የበቃው ማሳ ለአምስት ልጆች ሲከፋፈል ለአንዱም አይበቃም። ማዳበሪያው ውድ ነው። ተምሮ ሥራ ያጣ ወጣትም ብዙ ነው። እንግዲህ ወጣቱ የሚሄደው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መውጫ ሲያጣ ነው የሚሄደው።

እዚያስ ሥራው ምንድን ነው? አዲስ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዕቃ ተሸክሞ በማዞር ነው። ቀድመው ከገቡ ያገር ልጆች ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ የአልጋ ልብስ፣ ጫማና ልብስ በዱቤ ይረከባል። ዕቃውን በትከሻው አድርጎ በሎኬሽን ቤት ለቤት እያንኳኳ ይሸጣል። ገዢውም በዱቤ ነው የሚወስደው። ወር ሲያልቅ ሻጩ ተመልሶ ይዞራል። አንዱ ይከፍላል፤ ሌላው «ነገ ና» ይላል፤ ሌላው ቤት ለቋል። ቋንቋውን የሚማረው እንዲሁ እየዞረ ነው። ዙሉዎች ሰላምታ ሲሰጡ «ሳዉቦና» ይላሉ፤ «አየንህ» እንደ ማለት ነው።

ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ሱቅ ይከፍታል። በሎኬሽን ያለች ትንሽ ሱቅ ስፓዛ ትባላለች። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ ሳሙና ትሸጣለች። ብዙ ሱቆች ፊታቸው በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ገንዘቡም ዕቃውም በፍርግርጉ ቀዳዳ ያልፋል።

እስቲ ሰዓቱን እናስላ። እንበል ሱቁ ጧት በኛ 12 ሰዓት ይከፈትና ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል። ይህ በቀን 15 ሰዓት ነው። እሑድም ይከፈታል። 15 በ7 ሲባዛ 105 ሰዓት ይሆናል። እዚህ አንድ ገበሬ በቀን 9 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ 54 ሰዓት ነው። እንግዲህ ያ ባለሱቅ በአንድ ሳምንት የሁለት ሳምንት ያህል ሥራ ይሠራል። የሚያገኘው ገንዘብ ከኛ ቢበልጥ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እዚህ 105 ሰዓት የሚሠራ ሰው ምን ያህል ያገኝ ነበር? ይህን ጠይቀን አናውቅም።

4. ምግቡና መኝታው

የዚያ አገር ሰው ዋና ምግብ ፓፕ ይባላል። ከነጭ በቆሎ ዱቄት የሚሠራ ወፍራም ገንፎ ነው። የኛ ልጆች ይለምዱታል። ጆሃንስበርግ ከተማ መሀል ጄፒ የሚባል አካባቢ አለ። እዚያ ኢትዮጵያውያን ብዙ ሱቆችና ምግብ ቤቶች አሏቸው። እንጀራ ይሸጣል፣ ቡና ይፈላል። ራቅ ባለ ሎኬሽን ያለ ልጅ ግን ይህን የሚያገኘው ዕቃ ሊያመጣ ወደ ከተማ ሲወጣ ነው። ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ፣ ለመስቀል የሚቀርበው አታካና ከአእምሮው አይጠፋም።

መኝታውስ? ብዙዎቹ የሚያድሩት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። በዱቄት ከረጢትና በሳሙና ካርቶን መሀል ፍራሽ ይዘረጋሉ። ሱቁን ጥሎ መሄድ ለሌባ መተው ነውና።

«እዚያ መብራት አለ» እንላለን። አዎን፣ መብራት አለ። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም በዚያ አገር የኤሌክትሪክ እጥረት ሆኖ በየቀኑ ማለት ይቻላል ለሰዓታት በተራ ይጠፋ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ልብ እንበል። እዚያ ሁሉ ነገር ይገዛል። ለክፍሉ ኪራይ፣ ለውኃው ሒሳብ፣ ለጨው፣ ለመንገድ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። በጊምቢቹ ግን ከጓሮ የሚገኘውን እንሰት፣ ጎመንና ቡና ማንም በብር አይቆጥረውም። «ገቢ የለንም» እንላለን። ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን ቆጮ ከገበያ ቢገዛ ስንት ያወጣ ነበር? ያ ሁሉ ገቢ ነው። በእጅ ስለማይጨበጥ ነው ገቢ የማይመስለን። የነሱን ገቢ ስንቆጥር የሚያወጡትን መቀነስ አለብን። የኛን ስንቆጥር ደግሞ ከጓሮ የበላነውን መጨመር አለብን።

5. ጎረቤት፣ ሕመምና ሞት

በጊምቢቹ አንድ ሰው ሁለት ቀን ካልታየ ጎረቤት «ምነው ጠፋ?» ብሎ በሩን ያንኳኳል። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሰው ይከተለዋል። ጤና ጣቢያው ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒትም ሊጠፋ ይችላል። ይህ የኛ ጉድለት ነው።

እዚያ ሆስፒታሉ ትልቅ ነው። በአንዳንድ ቦታ ግን የውጭ ሰው ወረቀት እየተጠየቀ ከበር ተመልሷል። ብቻውን በሱቅ የሚያድር ሰው ሌሊት ቢያመው ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ብዙዎች ሁለት ሦስት ሆነው አብረው ይኖራሉ። ያገር ልጆች ተሰባስበው እድርና እቁብ አቋቁመዋል። አንድ ሰው ሲሞት ገንዘብ አዋጥተው አስከሬኑን በአውሮፕላን ወደ አገሩ ይልካሉ። ይህ ትልቅ ደግነት ነው። ልጆቻችን እድርን ይዘውት ሄደዋል ማለት ነው። ከቤታቸው የወሰዱት ትልቁ ስንቅ ይኸው ነው።

የአባትና የእናት ሞትስ? ይህ ከሁሉ የከበደ ነው። ብዙ ሰው ወላጁ ሲሞት መምጣት አይችልም። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ወረቀት ነው። ስለ ወረቀቱ ቀጥለን እንናገራለን።

6. ወረቀቱ

በዚያ አገር «ወረቀት አለህ?» የሚለው ጥያቄ «ምን በላህ?» ከሚለው ይቀድማል። ብዙዎቹ የኛ ሰዎች ያላቸው ወረቀት የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው። ጥገኝነት ማለት አንድ ሰው «በአገሬ መኖር ያሰጋኛልና አስጠጉኝ» ብሎ ሌላውን መንግሥት መለመን ነው። ይህ ወረቀት የጊዜ ገደብ አለው። በየጥቂት ወሩ ይታደሳል። ያልታደሰ ወረቀት የያዘ ሰው ሊታሰርና ከአገር ሊባረር ይችላል።

ችግሩን ተመልከቱ። «አገሬ ያሰጋኛል» ያለ ሰው ወደ አገሩ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ቢመጣ «እንግዲህ አያሰጋህም ማለት ነው» ይባላል። ወረቀቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ልጅ አባቱን ሳይቀብር፣ አባትም የልጁን ሠርግ ሳያይ ዓመታት ያልፋሉ። «ረሳን» የምንለው ልጅ አልረሳን ይሆናል። በሩ ከኋላው ስለተዘጋበት ሊሆን ይችላል።

የሱቁም ጉዳይ ከወረቀት ጋር የተያያዘ ነው። በ2017 ዓ.ም በኅዳር ወር የአገሩ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎዛ የሎኬሽን ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ። ከዚያ ቀደም ሕፃናት በመርዝ የተበከለ ምግብ በልተው ሞተው ነበር። የምዝገባው ቀን በኋላ እስከ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም ተራዘመ። ትክክለኛ ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው ግን በስሙ መመዝገብ አልቻለም። ብዙ ዓመት የተለፋበት ሱቅ በአንድ ወረቀት ምክንያት ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው።

7. ፍርሃቱ

ከላይ ገዢው ድሃ ነው ብለን ነበር። ሥራ ያጣ ድሃ አጠገቡ የውጭ ሰው ሱቅ ሲከፍት ሲያይ «እንጀራዬን ወሰደብኝ» የሚል ሐሳብ ሊያድርበት ይችላል። ይህን ሐሳብ የሚያራግቡም አሉ። በ2000 ዓ.ም በግንቦት ወር በጆሃንስበርግ ሎኬሽኖች በውጭ ሰዎች ላይ ጥቃት ተነሥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። 62 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ 21ዱ የዚያው አገር ዜጎች ነበሩ። በ2007 ዓ.ም በሚያዝያ፣ በ2011 ዓ.ም በነሐሴ መጨረሻም ተመሳሳይ ጥቃት ደርሷል። ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ተቃጥለዋል። በ2007 ዓ.ም በደርባን ከተማ የኢትዮጵያውያን ሱቅ በእሳት ተለኩሶ በውስጡ የነበረ ወገናችን ሞቷል።

ከዚህ ሌላ በጦር መሣሪያ የሚዘርፉ ሌቦች አሉ። «ገንዘብ ካልሰጣችሁን ሱቃችሁን እናቃጥላለን» የሚሉ ቡድኖችም አሉ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ትክክል ይሁን። የዚያ አገር ሕዝብ ሁሉ ክፉ አይደለም። በጥቃቱ ጊዜ ጎረቤቶቻቸው ቤታቸው አስገብተው የሸሸጓቸው ሰዎች አሉ። ጥቃቱን በመቃወም ሰልፍ የወጡ ደቡብ አፍሪካውያንም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ማታ በሩን ቆልፎ የሚተኛ ልጅ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚተኛው። በጊምቢቹ ውሻ ሲጮኽ «ጅብ መጣ» እንላለን። እሱ ግን የሚፈራው ሰውን ነው።

8. መንገዱ

ቪዛ አግኝቶ በአውሮፕላን የሚሄድ አለ። ቪዛ ማለት የሚሄዱበት አገር የሚሰጠው የመግቢያ ፈቃድ ነው። ብዙ ወጣቶች ግን በደላላ እጅ በየብስ ይሄዳሉ። በጫካ ያድራሉ፣ በመንገድ ይታሰራሉ፣ ከአንዱ ደላላ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። አንዳንድ ደላላም በመሀል መንገድ ይዞ ለቤተሰብ ይደውልና «ገንዘብ ጨምሩ» ይላል።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ አንድ የጭነት መኪና ተይዞ ተፈተሸ። መኪናው የጫነው ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ። 14 ብቻ ተረፉ። ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የአገሩ ባለሥልጣኖች ተናገሩ። ኮንቴይነር ማለት በመርከብ ዕቃ የሚጫንበት፣ ዙሪያው ብረት የሆነ ትልቅ ሣጥን ነው። በሩ ሲዘጋ አየር አይገባም። ብዙ ሰው በውስጡ ሲተነፍስ ለሕይወት የሚያስፈልገው አየር ያልቃል። ሰዎቹ የሞቱት ታፍነው ነው። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም ደግሞ በማላዊ ከ25 በላይ አስከሬኖች በአንድ ላይ ተቀብረው ተገኙ። በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬኖች መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ። እነዚህም ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ፖሊሶች ገመቱ።

እነዚህን ቁጥሮች የጻፍነው ለማስፈራራት አይደለም። እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ እናት ልጅ ነው። አስከሬን የማይመጣለት ቤተሰብ ለቅሶ ለመቀመጥም ይቸገራል። «ምናልባት በሕይወት ይኖር ይሆን?» እያለ ስልክ ሲጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ።

ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር በአገራችን ወንጀል ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ይህን ይከለክላል። ገንዘብ የበላን ደላላ መክሰስ ይቻላል።

9. ገንዘቡ

ገንዘቡ ያደረገውን መልካም ነገር መካድ አይገባም። በሆሳዕና ከተማ ብዙ ቤቶችና የንግድ ሥራዎች የተሠሩት ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ ነው። በዚያ ገንዘብ ወንድሞችና እኅቶች ትምህርት ቤት ገብተዋል። እናቶች ታክመዋል። የሣር ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ይህ ሁሉ በፍርግርግ ውስጥ የተዋለ ቀን ፍሬ ነው። ለላኩት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ሒሳቡን ግን ከመጀመሪያው እንጀምር። ይህ ለማሳያ ያህል ነው፤ የማንም እውነተኛ ሒሳብ አይደለም። እንበል አንድ ቤተሰብ ለልጁ መንገድ 300,000 ብር ተበደረ። ልጁ ደርሶ በወር 10,000 ብር መላክ ቻለ። 300,000ን ለ10,000 ብናካፍል 30 ይሆናል። 30 ወር ማለት ሁለት ዓመት ተኩል ነው። ይህ ሁሉ የሚሄደው ለዕዳ ነው፤ ወለዱም አልተቆጠረም። በሬው ተሽጦ ከሆነ በሁለቱ ዓመት ተኩል ማሳው በማን በሬ ታረሰ? ልጁ እዚህ ቢሆን ያርሰው የነበረውስ? ይህም ወጪ ነው።

ሌላም አለ። ዋስትና የሌለው ገንዘብ ነው። ሱቁ ቢዘረፍ ወይም ቢዘጋ የዚያ ወር ገንዘብ አይመጣም። በተላከ ገንዘብ ብቻ የሚኖር ቤት ማሳውን ካጦመ ያን ቀን ይራባል።

10. እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በስልክ ስናወራ ስለ ገንዘብ ብቻ አንጠይቅ። «ዛሬ የት ዋልክ? ምን በላህ? ከማን ጋር ታድራለህ?» ብለን እንጠይቅ። ብዙ ልጅ እውነቱን የማይናገረው ማንም ስላልጠየቀው ነው። ወይም «ሰነፍ ነው» እንዳይባል ፈርቶ ነው። እውነቱን ቢናገር የማናፍርበት መሆናችንን ያውቅ።

ሁለተኛ፣ ለመሄድ የተነሣ ልጅ ካለ ደላላውን ብቻ አንስማ። ከዚያ የተመለሰ ሰው ይጠየቅ። ያልተሳካለትም ይጠየቅ። ስኬት ያገኘው ብቻ ከተጠየቀ ወሬው ግማሽ ነው።

ሦስተኛ፣ ወረቀት ይነበብ። አሁን ማንበብ ችለናል። ያላነበብነውን አንፈርም። ስለ ብድርም ሆነ ስለ ጉዞ የተጻፈ ውል ቢመጣ ፊደል በፊደል እናንብብ። ገንዘብ የከፈልንበትን ቀን፣ መጠንና የተቀባዩን ስም እንጻፍ።

አራተኛ፣ ሴት ልጅን በፎቶግራፍ ብቻ ታይቶ ለሚመጣ ባል ስንሰጥ የሷም ቀን ይቆጠር። ከእናቷ ርቃ፣ ቋንቋውን ሳታውቅ፣ በፍርግርግ ውስጥ የምትውለው እሷ ናት። እሺታዋ ከልብ መሆኑ ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ ማሳውና እንሰቱ አይጣል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ዛሬ ያልተተከለ እንሰት ልጁ ባዶ እጁን የተመለሰ ቀን አይገኝም። ልጁ ገንዘብ ይዞ ቢመጣም የሚቆምበት መሬትና የሚያውቀው ጎረቤት ያስፈልገዋል።

ስድስተኛ፣ የተመለሰውን እንቀበል። ገንዘብ ይዞ የመጣውን በአጀብ ተቀብለን ባዶ እጁን የመጣውን ብንንቅ ሌላው መመለስ ይፈራል። እየተራበና እየተሳደደ እዚያው ይቀራል። ልጅ ከገንዘቡ ይበልጣል።

የጊምቢቹ ቀን ሁሉ ማር አይደለም። የጆሃንስበርግ ቀንም ሁሉ እሬት አይደለም። ሁለቱም ቀኖች ዋጋ አላቸው፤ ዋጋቸውም በብር ብቻ አይቆጠርም። ሙሉውን ቀን የቆጠረ ሰው ቢሄድም አውቆ ይሄዳል፤ ቢቀርም አውቆ ይቀራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. እዚያ ያለ ዘመዳችሁ ትናንት ከጧት እስከ ማታ ምን ሲሠራ እንደዋለ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ?

2. ቤተሰባችሁ በአንድ ሳምንት ከጓሮው የሚበላውን በገበያ ዋጋ አስሉ። ስንት ብር ሆነ?

3. አንድ ባለሱቅ በቀን 14 ሰዓት፣ በሳምንት 7 ቀን ቢሠራ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራል?

4. አንድ ሰው 240,000 ብር ተበድሮ በየወሩ 8,000 ብር ቢከፍል ዕዳውን በስንት ወር ይጨርሳል?

5. በቀበሌያችሁ ባዶ እጁን የተመለሰ ወጣት ቢኖር እድሩ፣ ጎረቤቱና ቤተሰቡ ምን ሊያደርጉለት ይችላሉ? ተራ በተራ ተናገሩ፤ የተስማማችሁበትንም ጻፉት።